የልጆች የዋና ውድድር በጎ ፈቃደኞች፦ ሰዓት ያዥ፣ ዳኛ፣ ጠረጴዛ። ከየት ይጀመራል?

የፌርፋክስ አባት

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ዋሺንግተን ዙሪያ የበጋው የዋና ሊግ ሊጀመር ነው፤ ቡድኖች ከየቤተሰቡ በጎ ፈቃደኛ እየጠየቁ ነው። የሚላከው ዝርዝር ግን ስም ብቻ ነው፦ ታይመር፣ ክለርክ፣ ስትሮክ ኤንድ ተርን፣ ስታርተር፣ ሪፈሪ፣ ሪበን። የእኛ ወላጅ ብዙው ገንዳ ዳር አላደገም፤ ቢራቢሮን ከደረት ቀዘፋ ለይቶ ስለማያውቅ ምግብ መሸጫው ላይ ይመዘገባል። ሦስት ነገር ልጠይቅ። ዋና የማይችል ሰው የትኛውን ሥራ በትክክል ሊሠራ ይችላል? ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መዳኘት የሚፈልግስ ከየት ይጀምራል? አንድ ውድድርስ በጠቅላላው ስንት ሰው ይፈልጋል? «ሰው አጥተናል» የሚለው ኢሜይል እኮ ማቆሚያ የለውም።

የጠረጴዛው ሰው

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቁጥሩ ሲታይ ልመናው ይገባል። ሁለት ቡድኖች ባለ 6 ሌን ገንዳ ላይ ሲገናኙ፣ በየሌኑ (በየመዋኛ መስመሩ) 3 ሰው ሰዓት ከያዘ 18 ሰዓት ያዥ (ታይመር) ያስፈልጋል። የሰዓት ያዦች አለቃና አንድ መጠባበቂያ፣ 2። ሪፈሪ (የበላዩ ዳኛ) 1፣ ስታርተር (አስጀማሪ) 1። የስልትና የመዞሪያ ዳኞች (ስትሮክ ኤንድ ተርን) 4። ልጆችን በተራ የሚያሰልፉ (ክለርክ) 4። ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን፣ ሰዓት ማጣራቱንና ሪበኑን (የሽልማት ጥብጣቡን) የሚይዙ 5። በማይክ የሚናገር 1፣ ሥርዓት አስከባሪ 2፣ ወረቀት አመላላሽ 2። ድምር 40፣ ከየቡድኑ 20 ማለት ነው። ሰዓት ያዦቹ በግማሽ ፈረቃ ከተቀየሩ ደግሞ ሌላ 18 ሰው ይጨመራል።

ሰው የሚጎድለው ሁልጊዜ ከሁለተኛው ፈረቃ ነው። የልጁ ውድድር ያለቀ ቤተሰብ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቅብብሉ መጨረሻ ላይ በሚዋኝበት ሊግ ሁለተኛውን ፈረቃ ልጃቸው ቅብብል ላለበት ወላጆች ስጡ። እስከ መጨረሻው መቆየታቸው አይቀርም።

አንድ ነገር በተለይ ለእኛ ሰው። ምዝገባው 7:30 ካለ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነው። በስልክ ስታስተላልፉ «በፈረንጅ ሰዓት» ብላችሁ ጨምሩበት። ውድድሩ 9:00 ማለትም ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ፣ «ሦስት ሰዓት» ሲባል የሰማ ሰው 3:00 ብሎ ጽፎ ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ሰዓት ያዥ

ዋና ለማይችል ሰው የመጀመሪያው ሥራ ሰዓት መያዝ ነው። 10 ደቂቃ ገለጻ ይበቃዋል፤ ግን በትክክል መያዝና እንዲሁ መያዝ ይለያያሉ።

ሰዓቱ የሚነሳው በብልጭታው ነው፣ በድምፁ አይደለም። የማስነሻ መሣሪያው ድምፅና ብልጭታ አብሮ ይሰጣል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መሣሪያው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከሆነና ገንዳው ባለ 8 ሌን፣ ወርዱም 20 ሜትር ከሆነ፣ ሌላው ጥግ ያለ ሰው ድምፁን የሚሰማው ወደ 6 መቶኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ብልጭታውን ካየ ግን ሁሉም እኩል ነው። 25 ሜትር ዋና ላይ 6 መቶኛ ሰከንድ አንደኛና ሁለተኛን ትለያለች። ስለዚህ «ቴክ ዩር ማርክ» (ለመነሳት ተዘጋጁ) ሲባል ዓይናችሁ መሣሪያው ላይ ይሁን፤ የልጆቹን ዝላይ አትመልከቱ።

ሰዓቱ እንደተነሳ ቁጥሩ እየሮጠ መሆኑን ወዲያው እዩ። ካልተነሳ እጃችሁን አውጡ። የሰዓት ያዦች አለቃ በየውድድሩ ተጨማሪ ሰዓት የሚያስነሳው ለዚህ ነው፤ እየሮጠ ያለውን ይሰጣችኋል። በግምት ዘግይቶ ማስነሳት ፈጽሞ አይደረግም።

ሲጨርሱ ተነሥታችሁ ወደ ገንዳው ጠርዝ ቅረቡ፣ ቁልቁል ግድግዳውን ተመልከቱ። የልጁ ማንኛውም የአካል ክፍል ግድግዳውን ሲነካ አቁሙ። ደረት ቀዘፋ ላይ በአንድ እጁ ነካ? ያ የእናንተ ጉዳይ አይደለም። ሰዓት ያዥ አይዳኝም፤ ሰዓቱን አቁሞ ይጽፋል። ብዙ አዲስ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ «ሁለተኛው እጅ እስኪነካ ጠበቅሁ» ይላል፣ ሰዓቱም ይበላሻል። ማስነሳትም ማቆምም በአንድ ጣት ይሁን፤ የጣቱ መዘግየት በሁለቱም ወገን እኩል ይሆናል።

ሦስት ሰዓት ሲኖር ኦፊሴላዊው መካከለኛው ነው። 38.41፣ 38.52፣ 38.97 ከሆነ 38.52 ይጻፋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ እነሱ ይወሰዳሉ። ሁለት ሰዓት ብቻ ካለ አማካዩ፦ 38.41ና 38.52 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 38.465 ይመጣል፤ ሦስተኛው አሃዝ ይጣላል፣ 38.46። ይህን የሚያሰላው ጠረጴዛው ነው። ከጓደኛችሁ ሰዓት ጋር አስማምታችሁ አትጻፉ፤ ያያችሁትን እንዳለ ጻፉ። ሦስት ሰው የሚቀመጠው ልዩነቱ እንዲታይ ነው።

ደግሞ ልጁ ብሎኩ (የመነሻ መድረኩ) ጋ ሲደርስ ስሙን ጠይቁት። የተሳሳተ ሌን ላይ የቆመ ልጅ የሚያዘው እዚህ ነው። እርሳስ ያዙ፣ ሁለት። እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እናመሰግናለን። ልጆቹን የሚያሰልፉትም ይታሰቡ፤ ከ8 ዓመት በታች ያሉትን ማሰለፍ ከባዱ ሥራ ነው። በልጁ ክንድ ላይ የውድድሩ ቁጥር፣ ምድቡ (በአንድ ጊዜ አብሮ የሚዋኘው ቡድን) እና ሌኑ በማርከር ይጻፋል። ጸሐይ መከላከያ ቅባት ከተቀባ በኋላ ማርከር አይይዝም፤ ቀድሞ ይጻፍ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ቅባት። ወላጆች ከቤት ቀብተው ካመጡ ክንዱን በፎጣ አጥብቆ ማድረቅ ነው። በአግዳሚው ወንበር ላይ ሲቀመጡ በሌን ቅደም ተከተል ይሁን፤ ሌን 1 ከአንድ ወገን፣ ሌን 6 ከሌላው። ቀጣዮቹ ሁለት ምድቦች ከኋላ ይጠብቁ፣ ከዚያ በላይ አታከማቹ። አምስት ምድብ ሕፃን አንድ ላይ ከተቀመጠ ግማሹ ሽንት ቤት ይጠይቃል።

ነጭ ሸሚዝ

ወደ ዳኝነቱ ልምጣ። መንገዱ ሁለት ነው።

የበጋ ሊግ ላይ ሊጉ ራሱ ወቅቱ ሊጀመር ሲል ሥልጠና ይሰጣል፤ ሕጉን ተምሮ፣ ልምድ ካለው ዳኛ ጋር ቆሞ፣ ይረጋገጥለታል። ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩት ክለቦች ግን በዩኤስኤ ስዊሚንግ (የአሜሪካ የዋና ማኅበር) ሥር ናቸው። አገሪቱ በ59 የአካባቢ ኮሚቴዎች የተከፈለች ናት፤ ዋሺንግተንና ዙሪያው «ፖቶማክ ቫሊ» ይባላል። እዚያ ዳኛ ለመሆን አባል መሆን፣ የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ማለፍ፣ የልጆች ጥበቃ ሥልጠና መውሰድ፣ ስለ ጭንቅላት ምት የሚሰጠውን ትምህርት መጨረስ፣ የሕግ ፈተና ማለፍ፣ ከዚያ በተግባር ልምምድ መቆም ነው። ፈተናው መጽሐፉን እያዩ የሚሠራ ነው። የልምምዱ ብዛት እንደየኮሚቴው ይለያያል። ብዙው ሰው የሚጀምረው በስልትና መዞሪያ ዳኝነት ነው፤ ስታርተርና ሪፈሪ በኋላ ይመጣሉ። ዳኛው ራሱ ዋናተኛ መሆን ግዴታ አይደለም። የሚያስፈልገው ሕጉን አጥርቶ ማወቅና ሳይታክቱ ማየት ነው።

አንድ የቃል ነገር፦ በአማርኛ «ዋና ዳኛ» ስንል የበላዩ ዳኛ ነው ወይስ የመዋኛው? ገንዳ ዳር ግራ ያጋባል፤ የበላዩን «ሪፈሪ» ብንለው ይሻላል።

አሁን ልጆች በብዛት የሚወድቁባቸው። ደረት ቀዘፋ ላይ ቀዳሚው የመቀስ ምት ነው፤ አንዱ እግር ወደ ውጭ ሲዞር ሌላው ወደ ታች ይቀጠቅጣል። ሁለቱም እግሮች አንድ ላይ፣ ጫማቸው ወደ ውጭ ዞሮ መምታት አለባቸው። ቀጥሎ የአንድ እጅ ንክኪ። ሕጉ ሁለቱ እጆች በአንድ ጊዜ፣ ተነጣጥለው እንዲነኩ ይጠይቃል፤ አንዱ ካንዱ ከፍ ቢል ችግር የለም፣ ተደራርበው ግን አይሆንም። ሦስተኛ፣ ከመነሻና ከእያንዳንዱ መዞሪያ በኋላ የሚፈቀደው የዶልፊን ምት (እንደ ቢራቢሮ ሁለቱን እግር ገጥሞ ወደ ታች መምታት) አንድ ነው፤ እሱም ከመጀመሪያው የደረት ምት በፊት።

ቢራቢሮ ላይ የደከመ ልጅ ክንዱን ከውሃ በታች ወደ ፊት ያመጣዋል፣ ወይም እግሩ ይለያይና እንደ ነፃ ቀዘፋ ይመታል። ጀርባ ቀዘፋ ላይ ግድግዳው ሳይደርስ ተገልብጦ በሆዱ መጨረስ። መዞሪያው ላይ ግን መገልበጥ ይፈቀዳል፦ ከተገለበጠ በኋላ ሳያቋርጥ አንድ ጊዜ ስቦ (በአንድ ወይም በሁለቱም ክንድ አንድ ላይ) ወዲያው መዞር አለበት። ተገልብጦ እግሩን እየመታ ወደ ግድግዳው የሚንሳፈፍ ልጅ ይሰረዛል። ድብልቁ (አንድ ልጅ አራቱንም ስልት የሚዋኝበት) ላይ ቅደም ተከተሉ ቢራቢሮ፣ ጀርባ፣ ደረት፣ ነፃ ነው፤ ቅብብል ሲሆን ጀርባ፣ ደረት፣ ቢራቢሮ፣ ነፃ።

የማያሰርዘውን ማወቅም እኩል ያስፈልጋል። ነፃ ቀዘፋ ላይ ልጅ ቆሞ ቢያርፍ፣ የሌን ገመዱን ይዞ ትንፋሽ ቢወስድ አይሰረዝም። መሬቱን ረግጦ ከተራመደ ወይም ከተስፈነጠረ፣ ገመዱንም ስቦ ወደ ፊት ከሄደ ነው የሚሰረዝ። አስቀያሚ ስልት ጥፋት አይደለም። መነጽሩ ቢወልቅ፣ ተጣሞ ቢዋኝ፣ ቢዘገይ ምንም።

የፌርፋክስ አባት

ነጭ ሸሚዝ፣ ጥፋቱን ካየሁ በኋላስ ምን ይደረጋል?

ነጭ ሸሚዝ

ወዲያው እጅህን ከራስህ በላይ ከፍ አድርገህ ትዘረጋለህ። አምስት ሰከንድ አስበህ አይደለም፤ ያየህ እንደሆነ አይተሃል፣ ከተጠራጠርክ ደግሞ እጅህ አይነሳም። ጥርጣሬ ሁልጊዜ ለልጁ ነው። ሪፈሪው ወይም የዳኞች አስተባባሪው መጥቶ ሦስት ነገር ይጠይቅሃል፦ የት ነበርክ? ምን አየህ? የትኛውን ሕግ ጣሰ? «ምቱ ልክ አልመሰለኝም» መልስ አይደለም። «ሌን 4፣ ከሁለተኛው መዞሪያ በኋላ፣ ቀኝ እግሩ ወደ ውጭ ሳይዞር ሦስት ጊዜ ወደ ታች መታ» መልስ ነው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የውድድሩ ቁጥር፣ ምድብ፣ ሌን፣ ጥፋቱ፣ ፊርማህ። ሪፈሪው ካጸደቀ ለአሠልጣኙ ይነገራል።

የተሰጠህን ክፍል ብቻ ጠብቅ። ሌን 1 እስከ 3 የተሰጠህ ዳኛ ሌን 5 ላይ ጥፋት ብታይ እጅህ አይነሳም። ሦስቱንም ሌን እኩል ተመልከት። ዓይን የሚስበው መሪው ወይም የመጨረሻው ነው፤ መካከል ያለው ልጅ ሳይታይ ያልፋል፣ ያ ደግሞ ለሌሎቹ ፍትሕ አይደለም። የገዛ ልጅህ ሌንህ ላይ ሲመጣ ከጎንህ ካለው ዳኛ ጋር ቦታ መቀየር ትችላለህ። ነጭ ሸሚዙን እንደለበስክ አታጨብጭብ፣ አትምከር።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ይከብደኛል፤ በግልጽ ልናገር። የስድስት ዓመት ልጅ 25 ሜትር ጨርሳ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ ወጥታ፣ ከዚያ «ተሰርዘሻል» ይባላል። በዚያ ዕድሜ የሚቀረው ትዝታ ያ ብቻ ነው። ልጆች ከዋና የሚሸሹት እንዲህ ባለ ቀን ነው። ከ8 በታች ያሉትን ዝም ብሎ ማለፍ ምን ይጎዳል?

ነጭ ሸሚዝ

እህቴ፣ ጭንቀትሽ ተገቢ ነው። ግን ሌላዋን ልጅ እያት። ከጎኗ ያለችው ምቷን ለአንድ ወር ሙሉ አስተካክላ መጣች፤ በዚያም ምክንያት ዘገየች። የመቀስ ምት ፍጥነት ይሰጣል፣ ለዚህ ነው ልጆች የሚወዱት። ካለፍነው፣ ትክክለኛዋን ልጅ ነው የቀጣናት። ደግሞ በ8 ዓመት ያልታረመ ምት በ13 ዓመት ለማረም በጣም ይከብዳል።

አነጋገሩ ግን ሁሉን ይለውጣል። ብዙ ሊግ ላይ ለልጁ የሚነግረው አሠልጣኙ ነው፤ ዳኛው ለሕፃን ሄዶ አይነግርም። ወረቀቱ የሚሰጠውም ምን እንደሚታረም ለማሳየት ነው።

ፊሽካ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ መፍትሔው ግን ዳኛው በየግሉ የሚወስነው አይደለም። በነጥብ የሚታሰበው የቅዳሜ ውድድር ላይ ሕጉ ለሁሉም ዕድሜ አንድ ነው። ለልምምድ የሚደረገው የሳምንቱ አጋማሽ ውድድር ላይ ሊጉ ከፈቀደ፣ ሪፈሪው ከመጀመሩ በፊት ዳኞቹን ሰብስቦ «ከ8 በታች ያሉትን ጽፈን ለአሠልጣኝ እንሰጣለን፣ ሪበናቸውን ግን ያገኛሉ» ብሎ አንድ መመሪያ ይሰጣል። አደጋው አንዱ ዳኛ ሲያዝን ሌላው ሲያጠብቅ ነው፤ ያኔ ልጁ የሚሰረዘው በሌኑ ዕጣ ይሆናል።

ወላጅ ቅሬታ ካለው ለአሠልጣኙ ይናገር፤ አሠልጣኙ ወደ ሪፈሪ ይሄዳል። ወላጅ በቀጥታ ወደ ዳኛ አይሄድም። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮም አይታይም፤ ሁሉም ልጅ እኩል የሚቀርጸው የለውምና።

አነሳሱን ልጨምር። ሪፈሪው አጫጭር ፊሽካ ደጋግሞ ይነፋል፦ ተዘጋጁ፣ ልብስ አውልቁ። ከዚያ አንድ ረጅም ፊሽካ፦ ብሎክ ላይ ውጡ። ጀርባ ቀዘፋ ከሆነ በመጀመሪያው ረጅም ፊሽካ ውሃ ውስጥ ይገባሉ፣ በሁለተኛው ግድግዳውን ይይዛሉ። ሪፈሪው ክንዱን ዘርግቶ ለስታርተሩ ያስረክባል። ስታርተሩ «ቴክ ዩር ማርክ» ይላል፤ ሁሉም እስኪረጋ ይጠብቃል፣ ያስነሳል። ካልተረጉ «ስታንድ» ብሎ ያስነሳቸዋል፤ ያ ቅጣት የለውም።

እንግሊዝኛቸው ዘዬ ስላለው ስታርተር መሆን የሚፈሩ ወገኖች አሉ። ሦስት ቃል ነው። ዘዬ አይጎዳም፤ የሚጎዳው መጮህና መቸኮል ነው። ድምፁን ከፍ ያደረገ ስታርተር ሕፃናቱን በቃሉ ብቻ ያዘልላቸዋል። ዝቅ ባለ፣ በተለመደ የንግግር ድምፅ ይነገር። ከመነሻ በፊት የዘለለ ልጅ ካለ ውድድሩ አይቆምም፤ ስታርተሩና ሪፈሪው ሳይነጋገሩ ለየብቻ ጽፈው አንድ ዓይነት ከሆነ ብቻ ይሰረዛል። ቅብብል ላይ እግሩ ቀድሞ ብሎኩን የለቀቀ ልጅም እንደዚሁ፤ በሁለት ዳኛ የሚረጋገጥበት ውድድር ላይ ሁለቱም ማየት አለባቸው።

ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ከውሃ ይወጣል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ ይቆጠራል፣ በመሀል ሌላ ከተሰማ ከዜሮ ይጀመራል። የዚህ አካባቢ ሐምሌ ይህን ሳያሳይ አያልፍም።

የጠረጴዛው ሰው

ጋሽ ፊሽካ ስለ ጊዜ አልነኩም፤ ትልቁ ቅሬታ «ለምን እንዲህ ይረዝማል» ነው። ሒሳቡ ይኸው። 64 ልጅ 50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ቢመዘገብ፣ በ8 ሌን 8 ምድብ ነው። የመጨረሻው ልጅ እስኪደርስ 50 ሰከንድ፣ እስከ ቀጣዩ መነሻ 30 ሰከንድ ቢወስድ፣ 80 በ8፣ 10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። በአንድ ክፍለ ጊዜ 100 ምድብ ካለና በየምድቡ 20 ሰከንድ ቢባክን፣ 2000 ሰከንድ፣ 33 ደቂቃ ጠፋ። ያን 20 ሰከንድ የሚበላው ዋናው አይደለም፤ ብሎክ ጀርባ ያልቆመ ልጅ ነው። ለዚህ ነው አሰላፊዎቹ ከማንም በላይ የሚያስፈልጉት። በዩኤስኤ ስዊሚንግ ሕግ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉት ክፍለ ጊዜው በ4 ሰዓት እንዲያልቅ ተደርጎ ይታቀዳል።

ጊዜ የሚቆጥበው ዘዴ የጨረሱት ውሃ ውስጥ ገመዱን ተጠግተው ሳሉ ቀጣዮቹን በላያቸው ማስነሳት ነው። ለትልልቆች ብቻ፤ ለጀርባ ቀዘፋ አይሆንም፣ ግድግዳው ስለሚፈለግ።

ታችፓድ (ሲነካ ሰዓቱን የሚያቆም የግድግዳ ሰሌዳ) ባለበት ደግሞ የመጠባበቂያ ሰዓቱን ቁልፍ የሚጫኑት ወላጆች ትርፍ እንዳይመስላቸው። ሕፃን ፓዱን ለስለስ አድርጎ ስለሚነካው ሰዓቱ አይቆምም። ፓዱ 41.90 ብሎ ሁለቱ ቁልፎች 41.02ና 41.08 ካሉ፣ ልዩነቱ ከ0.30 ሰከንድ በላይ ነው፤ ይጣራል፣ የልጁ ሰዓት ከቁልፉ ይወሰዳል። ቁልፍ የያዘው ሰው ስልክ እያየ ከነበረ የልጁ ሰዓት የሚመለስበት መንገድ የለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ስልክ ከተነሳ፦ ከብሎኮቹ ጀርባ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ መልበሻ ክፍል ውስጥም ስልክ ለመቅረጽ አይወጣም። ልጅን ገንዳ ዳር በፎጣ ሸፍኖ ልብስ መቀየርም አይፈቀድም፣ መልበሻ ክፍል ይሂዱ። በእኛ ዘንድ እንደ ነውር ስለማይታይ ብዙ እናቶች ሥርዓት አስከባሪ ሲናገራቸው ይከፋቸዋል። ለሁሉም ልጅ የተሠራ ሕግ ነው።

ሰውነታቸውን የሚሸፍን ልብስ ለሚለብሱ ሙስሊም ልጆቻችን፦ በዩኤስኤ ስዊሚንግ በሃይማኖት ምክንያት ከዋና ልብስ ሕጉ ፈቃድ ይጠየቃል። ከውድድሩ ቀደም ብሎ በአሠልጣኙ በኩል ይጠየቅ፤ ጠዋት ገንዳ ዳር የሚጨረስ ነገር አይደለም። እሑድ ቅዳሴ ያለባችሁ ደግሞ ስትመዘገቡ የቅዳሜውን ክፍለ ጊዜ ምረጡ፣ የሰዓት ያዥነት ግዴታችሁንም እዚያው ጨርሱ።

ገንዳ አዲስ አበባ

ከሀገር ቤት ነኝ፤ የስፖርት መምህር። በሆቴል ገንዳ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሊደረግ ታስቧል። መሣሪያ የለም፣ ብሎክ የለም፣ 4 ሌን ነው የሚወጣው። በሀገር ውስጥ ባለን ነገር እንዴት ይሠራ?

ፊሽካ

መምህር፣ ይሠራል። በቅድሚያ ጥልቀት ይለካ። ዓለም አቀፉ ሕግ ብሎክ ላለበት መነሻ ከግድግዳው 1 ሜትር ጀምሮ ቢያንስ እስከ 6 ሜትር ድረስ 1.35 ሜትር ጥልቀት ይጠይቃል። የእርስዎ ገንዳ ከዚያ ካነሰ ማንም ጭንቅላቱን አስቀድሞ አይዝለል፤ ሁሉም ውሃ ውስጥ ሆኖ ግድግዳውን በአንድ እጁ ይዞ ይነሳ። አንገት የሚሰበረው በዚህ ነው፤ ውጤቱ ትንሽ ቢዘገይ ምንም አይደለም።

ርዝመቱን በብረት ሜትር በሁለቱ ጠርዝና በመካከል ይለኩ። 24.6 ከወጣ እንደዚያው ይጻፍ፤ የዚያ ገንዳ ሰዓት ከሌላ ገንዳ ጋር አይወዳደርም። ለጀርባ ቀዘፋ ከየግድግዳው 5 ሜትር ላይ፣ ከውሃው ቢያንስ 1.80 ከፍ ብሎ የባንዲራ ገመድ ከዳር እስከ ዳር ይወጠር። ልጆቹ ግድግዳው መቅረቡን የሚያውቁት በሱ ነው፤ ከሌለ ጭንቅላታቸውን ይመታሉ፣ ጀርባ ቀዘፋው ይቅር። ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ ልጆቹ ከሥሩ እስከ ግድግዳው ስንት የክንድ ስበት እንደሚወስድባቸው በማሟሟቂያ ይቁጠሩ።

መነሻው በፊሽካና በደማቅ ጨርቅ ይሁን፦ አስጀማሪው ጨርቁን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ፊሽካውን ሲነፋ በዚያው ቅጽበት ያወርደዋል። ሰዓት ያዦች ጨርቁን ያያሉ። በየሌኑ 3 ሰዓት ካልተገኘ 2፤ ስልክ ላይ ያለ ሰዓት ይሠራል፣ ግን እርጥብ ጣት ስክሪኑ ላይ ስለማይታዘዝ እውነተኛ ስቶፕዋች ተመራጭ ነው።

ከሁሉም በላይ፣ ሕይወት አዳኙ ሌላ ሥራ አይሰጠው። ሰዓት አይያዝ፣ አይዳኝ፣ ስም አይጥራ። ውሃውን ብቻ ይመልከት።

የጠረጴዛው ሰው

በ4 ሌን አመዳደቡ፦ ፈጣኑ ሌን 2፣ ቀጥሎ 3፣ ከዚያ 1፣ መጨረሻው 4። በ6 ሌን 3፣ 4፣ 2፣ 5፣ 1፣ 6። ፈጣኑ ምድብ መጨረሻ ይዋኝ። ቀድሞ የተያዘ ሰዓት የሌላቸው ልጆች የመጀመሪያዎቹ ምድቦች ላይ ይግቡ። ከውድድሩ ሳምንት በፊት በየትምህርት ቤቱ አንድ ጊዜ ሰዓት ቢያዝላቸው ግን በጣም ይሻላል፤ ካልሆነ እጅግ ፈጣኑ ልጅ ከጀማሪዎች ጋር ይዋኝና ሁለቱም ወገን ያዝናል።

ገንዳ አዲስ አበባ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ልጁ ሳይመጣ ሌኑ ባዶ ከቀረ ከሚቀጥለው ምድብ አንድ ልጅ ወደ ፊት ማምጣት ይቻላል?

ሰዓት ያዥ

አያምጡ። ሌኑ ባዶ ይሁን፣ ወረቀቱ ላይ «አልቀረበም» ይጻፍ። አንድ ልጅ ወደ ፊት ከመጣ ከሱ በኋላ ያለው ወረቀት ሁሉ ይዛባል፤ የአንዱ ሰዓት በሌላው ስም ይመዘገባል፣ ጠረጴዛውም የሚያገኘው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሪበን ሲታደል ነው። ዘግይቶ የመጣው ልጅ ካለ ሪፈሪው ከፈቀደ በኋላኛው ምድብ ባዶ ሌን ላይ ይገባል፤ ያኔ የዚያ ሌን ሰዓት ያዥ የታተመውን ስም ሰርዞ በእጁ ይጽፋል፣ ወረቀት አመላላሹም ለጠረጴዛው በቃል ጭምር ይነግራል።